የስምንት ሰዓቱ ፈተና

ሌሊት ነው። በግብጽ በረሃ፣ አስቄጥስ በሚባለው ገዳም፣ አንድ ግዙፍ ጥቁር መነኩሴ ከአረጋውያን በዓት ደጃፍ ባዶ እንስራ እያነሳ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። ውሃው ሩቅ ነው፤ ከአንዳንዱ በዓት ግማሽ ሰዓት፣ ከአንዳንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሞልቶ ይመልሳል፣ ሌላውን ያነሳል። ሽማግሌዎቹ ሲነሱ እንስራቸው ሞልቶ ያገኙታል፤ ማን እንደሞላው አያውቁም። መነኩሴው እንዲህ የሚደክመው ለአረጋውያኑ አዝኖ ብቻ አይደለም። ጋደም ካለ የድሮ ኑሮው በሕልሙ ይመጣበታል።

ሰውየው ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊም ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ሲሆን የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊው ሙሴ ይሉታል። ከመመንኮሱ በፊት የአንድ ሹም ባሪያ ነበር፤ በሌብነት ተባረረና የሽፍቶች አለቃ ሆነ። ገዳም ከገባ በኋላ የዝሙት ፈተና ሲበረታበት የገዳሙን ቄስ አባ ኤስድሮስን አማከረ። የተሰጠውን ምክር ጳላድዮስ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ጽፎ አቆይቶልናል፦ ሥጋ ቤት ደጃፍ የለመደ ውሻ አጥንት እስከተጣለለት ድረስ አይሄድም፤ ቤቱ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ግን እያደር መምጣቱን ይተዋል፤ አንተም ታገሥ።

ሙሴ መታገሥ አልሆነለትም። ምግቡን ቀነሰ፣ ሥራውን አበዛ። ስድስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ቆሞ ሲጸልይ አደረ። ሕልሙ ግን አልሄደም። እንስራ መሸከም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ባለበት ወገቡን በዱላ ተመትቶ ወደቀ፤ የመታው ጋኔን ነው ይላል ጳላድዮስ። በማግስቱ ውሃ ሊቀዳ የመጣ መነኩሴ አገኘው። ዓመት ያህል ታመመ። ያን ጊዜ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር እልህ መጋባቱን እንዲተው፣ ለጀግንነትም ልክ እንዳለው ነገረው። ሳይፈራ ወደ ቁርባን እንዲቀርብም አዘዘው። ፈተናው ይህን ያህል የቆየበት በገዛ ጉልበቴ ጣልሁት ብሎ እንዳይመካ እንደሆነም ገለጠለት።

ስለ ሙሴ ጸሊም ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የስድስት ዓመቱ ተጋድሎ ነው። በሱስ ለተያዘ አማኝ ግን ከተጋድሎው ይልቅ የኤስድሮስ ምክር ይቀርበዋል ብዬ አምናለሁ። እልህ፣ ስለት፣ መሐላና ግዝት ሞክሮ የደከመ ሰው በየደብሩ አለ። የበረሃ አባቶች ለእንዲህ ያለው ሰው ከእልህ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ሐሳብን ሲመጣ ቆሞ ማየት፣ ሳይከራከሩትና ሳይሸሹት መለየት፣ ከዚያም ቶሎ ለአባት መናገር ነው። ዛሬ በውጭ አገር ክሊኒኮች በአስተውሎት ላይ የተመሠረተ ሕክምና ተብሎ ለሱሰኞች የሚሰጠው ልምምድ ከዚህ ጋር በብዙ ነገር ይገናኛል። ያም ሆኖ ብዙው አማኝ አንዱንም ሌላውንም የሚያስተምረው አላገኘም።

አንድ ሰው እናስብ። ልጅ ሳለ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሯል፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለጥናት ብሎ ጫት ቀመሰ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ተከተለ፤ ከጨብሲው ጋር ሲጋራ መጣ። አሁን ሥራ አለው፣ ትዳር አለው፣ ልጅ ወልዷል። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ተስሎ ይተዋል፣ ጾሙ ሲፈታ ይመለሳል። ነፍስ አባቱን ካገኛቸው ቆይቷል። ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ዐቢይ ጾም። ቢሮው ውስጥ ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል። ሰዓቱን ሰውነቱ ከእሱ ቀድሞ ያውቀዋል። አፉ ይደርቃል፣ መንጋጋው ይወጠራል፣ ከደረቱ በታች የሆነ ቦታ ላይ ባዶነት የሚመስል ነገር ይሰማዋል። እጁ ስልኩን ያነሳል፤ መልእክት አልገባም፤ ያስቀምጠዋል፤ መልሶ ያነሳዋል። ከዚያ ሐሳቡ መናገር ይጀምራል። ሳምንቱን ሙሉ ሠርተሃል። ዛሬን ብቻ። ሥራውም ቢሆን ያለ እሱ አይሄድልህም። ሰኞ ትተዋለህ። ደንግጦ ‹‹በስመ አብ›› ይላል፣ ሐሳቡን ለማባረር ይታገላል። በገፋው ቁጥር እየበረታ ይመጣበታል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጃኬቱን አንስቶ ሲወጣ ራሱን በጣም ይጠላል፤ ጥላቻው ግን አያስቆመውም። እንዲያውም የሚያስረሳው ነገር ቶሎ እንዲያገኝ ያስቸኩለዋል።

ከአዲስ አበባ እጅግ ርቆ ከ1600 ዓመት በፊት የኖረ አንድ መነኩሴ ይህን ከሰዓት አጥንቶታል። ስሙ ኤዋግሪዮስ ነው፤ ትውልዱ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜን፣ ጳንጦስ በሚባለው አገር። ሊቅ ነበር። በቁስጥንጥንያ የጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ሊቀ ዲያቆን ሆኖ አገልግሏል፤ እ.ኤ.አ. የ381ዱ ጉባኤ ሲደረግ እዚያው ነበር። ዝናው ከፍ ባለበት ጊዜ ከአንዲት ባለትዳር ወይዘሮ ጋር በፍቅር ወደቀ። ነገሩ ሳይገለጥ በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። እዚያ ለስድስት ወር ታመመ፤ ሐኪሞች ምክንያቱን አጡለት። ገዳም ያቋቋመችው ሮማዊቷ ሜላንያ ደብቆት የኖረውን ነገር አናዘዘችው፤ ተናግሮ ለመመንኮስ ቃል ሲገባ ዳነ። የቀረ ዕድሜውን በግብጽ በረሃ፣ በኒጥርያና ኬልያ በሚባሉት ቦታዎች ኖሮ እ.ኤ.አ. በ399 አረፈ።

ስለ ነፍሳት ቅድመ ህላዌ ያስተማረው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ553 በቁስጥንጥንያ ተወግዟል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ስለ ሐሳብ ውጊያ የጻፈው ግን አንዳንዱ በሌሎች አባቶች ስም፣ አንዳንዱ በሱርስት ትርጉም ተጠብቆ በምሥራቁም በምዕራቡም ምናኔ ውስጥ ገባ። በሰው ላይ የሚነሱትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት ብሎ ከፈላቸው፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ታካችነት፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት። ከሁሉ የከፋው ታካችነት ነው ይላል፤ የቀትር ጋኔን ብሎ ይጠራዋል። ይህ ጋኔን መነኩሴው ላይ የሚመጣው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ነፍሱን ከብቦ የሚይዘውም እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ሰዓት አቆጣጠሩ እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣት ስለሚጀምር መለወጥ አያስፈልገንም። ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት የሆነ ይመስለዋል። መነኩሴው ወደ መስኮቱ ይመለከታል፣ ከበዓቱ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት፣ የመብያው ሰዓት፣ ስንት እንደቀረው ፀሐይን ያያል፣ ወንድሞች ይመጡ እንደሆነ አንገቱን ያሰግጋል። ቦታውን ይጠላል፣ ሥራውን ይጠላል፣ ፍቅር ከወንድሞች መካከል ጠፍቷል ብሎ ያስባል። በስልኳ ላይ ጣቷን ወደ ላይ ስትገፋ ሰዓት የሚያልፍባት ልጅም፣ የውርርድ ቤት ደጃፍ የሚያንዣብበውም ጎረምሳ ይህን ሁኔታ ያውቁታል።

ኤዋግሪዮስ ሐሳብን ሲያዩት የሚደነግጡበት ነገር አድርጎ አይቆጥረውም። እነዚህ ሐሳቦች ነፍስን ማወካቸው ወይም አለማወካቸው በእጃችን አይደለም፤ እንዲቆዩ ወይም እንዳይቆዩ፣ ፍትወትን እንዲያነሱ ወይም እንዳያነሱ ማድረግ ግን በእጃችን ነው ይላል። በሱስ ለተያዘ አማኝ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ሐራራ ስለመጣብህ አልበደልህም። ስለዚህ በድንጋጤና በሐፍረት የምታጠፋውን ጉልበት ለሌላ ነገር ታተርፈዋለህ። ለምን ታውለዋለህ? ለዚህም መልስ አለው። አጋንንቱን ማወቅ የሚፈልግ መነኩሴ ሐሳቦቹን ይመልከት፤ መቼ እንደሚበረቱ፣ መቼ እንደሚቀዘቅዙ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጡ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ያስተውል፤ ምክንያቱንም ክርስቶስን ይጠይቅ። ከቢሮ ጃኬቱን አንስቶ የሚወጣው ሰውዬ አንድ ሳምንት ይህን ብቻ ቢያደርግ ሐራራው ዘወትር የሚቀሰቀሰው ከአለቃው ጋር ተነታርኮ ምሳውን ሳይበላ በዋለበት ቀን እንደሆነ ሊያገኘው ይችላል። ቁጣ ቀድሞ ሱሱ ከተከተለው ትግሉ መጀመር ያለበት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአንድምታ ትምህርት ቤት ከብሉያት፣ ከሐዲሳትና ከሊቃውንት ቀጥሎ አራተኛው ጉባኤ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ። ሦስቱም ከሶርያ ምናኔ የመጡ ናቸው፤ ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ጥቂት ወራት ብቻ አገልግሎ ወደ በረሃ የተመለሰ አባት ነው። ሦስቱም ስለ ሐሳብ አመጣጥ፣ ስለ ልብ ጥበቃና ስለ ጸጥታ ብዙ ይላሉ። በጉባኤ ቤት ግን ሰው በብዛት የማይደርስበት ትምህርት ሆኖ ቀረ፤ ደግሞም የመነኮሳት ጉዳይ ተብሎ ስለተተወ ወደ ምእመኑ ቤት በደንብ አልወረደም። ምእመኑ የሚሰማው ‹‹ተው›› የሚለውን ብቻ ነው። እንዴት እንደሚተው የሚነግረው የለም።

አሁን ወደ ሲያትል እንሻገር። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቦና ምሁር አለን ማርላት ዕድሜውን ያሳለፈው መጠጥ ትተው የሚመለሱ ሰዎችን በማጥናት ነው። እሱ ያስተዋለው ነገር ቀላል ይመስላል። ሐራራ የያዘው ሰው ‹‹ካልሰጠሁት እየጨመረ ሄዶ ያፈነዳኛል›› ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን ሐራራ ይነሳል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በራሱ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁሉም በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ማርላት ይህን ከባሕር ማዕበል ጋር አመሳስሎ፣ ሰውየው ማዕበሉን ሳይገፋና ሳይሰጥምበት እንዲያሳልፈው ያሠለጥን ነበር። ከባልደረቦቹ ከሳራ ቦወንና ከኔሃ ቻውላ ጋር ያዘጋጀው የስምንት ሳምንት ሥልጠና ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል። ማርላት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለምን ተሰናበተ።

ሥልጠናው ውስጥ የሚደረገውን ቀረብ ብለን እንየው። ሐራራው ሲመጣ መጀመሪያ የያዝኸውን ነገር ማቆም ነው፤ እየተራመድህ ከሆነ ትቆማለህ። ከዚያ ሰውነትህን ትመለከታለህ፦ መንጋጋዬ ተወጥሯል፣ እጄ ይቅበጠበጣል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ ተናድጃለሁ። ‹‹ሐራራ መጥቷል›› ትላለህ፣ ‹‹ደካማ ነኝ›› አትልም። ትኩረትህን ወደ እስትንፋስህ መልሰህ ትንሽ ትቆያለህ፤ አየሩ አፍንጫህ ላይ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ትከታተላለህ። ቀጥሎ ትኩረትህን ወደ መላ ሰውነትህ ታሰፋለህ፣ በመጨረሻም ቀጥሎ የምታደርገውን አውቀህ ትመርጣለህ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርገው ሰው የሚደነቅበት ነገር፣ ሲያየው የሐራራው መጠን በየቅጽበቱ መለዋወጡ ነው። አንድ ወጥ ግድግዳ ይመስለው የነበረው ነገር ይከፋፈልና አንዱ ሲመጣ አንዱ ሲሄድ ያየዋል።

ሐሳብን ገፍቶ ለማባረር የሚደረገው ትግል ለምን እንደማይሠራም የሚያሳይ ዝነኛ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነገሯቸው። ተማሪዎቹ አልቻሉም፤ በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከመጀመሪያውም እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች በላይ አሰቡት። ‹‹ስለ ጫት አላስብም›› ብሎ ስምንት ሰዓት የሚገባ ሰው ራሱን ያንኑ ሙከራ ያስገባል።

ማስረጃውስ ምን ያህል ነው? ጀድሰን ብሩወር የሚባል ሐኪም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ88 አጫሾች ላይ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፣ አስተውሎት ከሠለጠኑት መካከል 31 በመቶው ከ17 ሳምንት በኋላ ሲጋራ አላጨሱም፤ በተለመደው ሥልጠና ካለፉት ግን 6 በመቶው ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳራ ቦወንና ባልደረቦቿ የመጀመሪያ ሕክምናቸውን የጨረሱ 286 ሰዎችን ሲከታተሉ፣ ከዓመት በኋላ አስተውሎት የተማሩት ከሌሎቹ ያነሱ ቀናት እንደተጠቀሙ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ግን፣ ዘዴው ሐራራን በመጠኑ እንደሚያቀል አይቶ፣ ወደ ሱስ የመመለስን መጠን በመቀነስ ረገድ ከሌሎች ሕክምናዎች በግልጽ የተለየ ሆኖ እንዳላገኘው ጽፏል። ስለዚህ ተአምር ነው ብሎ የሚሸጥልን ሰው ካለ አንስማው። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ከሌሎች ጋር ሲያያዝ ይሠራል።

የሃይማኖት ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ይህ የቡድሂስት ትምህርት አይደለም ወይ? ዘመናዊው ልምምድ ከዚያ መነሣቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የሕመምተኞች ሥልጠና ሲጀምር የቡድሂስት ጥሞናን ከሃይማኖቱ ለይቶ ነበር ያቀረበው። ለክርስቲያን ግን የሚበጀው ልምምዱን ከራሱ ቤት መፈለግ ይመስለኛል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በክሊኒኩ ሐሳቡን የሚያየው ሰው ብቻውን ያያል፤ መነኩሴው ግን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ያያል። ኤዋግሪዮስ ለእያንዳንዱ ሐሳብ የሚመለስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በስምንት ክፍል ሰብስቦ አስቀምጧል። እኛም መቁጠሪያ አለን፤ ‹‹ኪርያላይሶን›› 41 ጊዜ የሚደገምበት። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ‹‹ሐራራ መጥቷል›› ብሎ ካየ በኋላ ጣቱን መቁጠሪያው ላይ አድርጎ እያንዳንዱን ቃል ከእስትንፋሱ ጋር ቀስ ብሎ ቢጸልይ፣ ከራሱ እየሸሸ በድንጋጤ ከሚያማትበው ይልቅ ይረጋጋል። በሁለቱም ጊዜ የሚጸልየው ጸሎት አንድ ነው፤ በሁለተኛው ግን ራሱ አለበት።

የሙስሊም ወገኖቻችን ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ጫት በሐረርጌና በወሎ በዱዓና በዚክር ቦታ ቆይቷል፤ ስለዚህ ለአንዳንዱ ሰው ዒባዳውን ከሱሱ መለየት ከባድ ነው። ቀን ሙሉ ጾሞ የረመዳንን ሌሊት በበርጫ የሚያሳልፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ ‹‹ኢሕያ ዑሉሙዲን›› በተባለው ሥራቸው ሙራቀባና ሙሐሰባ ለተባሉት ነፍስን የመጠበቅና የመተሳሰብ ሥራዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥተዋል። አላህ እንደሚያየው እያወቀ ሐሳቡን ከመነሻው የሚከታተል ሙእሚን መድኃኒቱን ከሩቅ አያመጣም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሱስን የሚያጠናክረው መደበቅ ነው። በዚያው በግብጽ በረሃ የኖረውና በኋላ በዛሬዋ ፈረንሳይ የጻፈው ዮሐንስ ካስያን ስለ አባ ሰራፕዮን ልጅነት አንድ ታሪክ ይተርካል። ሰራፕዮን ልጅ ሳለ ከአባ ቴዎናስ ጋር ይኖር ነበር። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አብረው ከበሉ በኋላ አንድ ደረቅ ዳቦ ደብቆ ደረቱ ውስጥ ያስገባል፣ ማታ ሽማግሌው ሳያዩ ይበላዋል። ዳቦው ሲያልቅ የሚሰማው ጸጸት ሲበላው ካገኘው ደስታ ይበልጥ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በማግስቱ እጁ ወደዚያው ይሄዳል። በቀን አንድ ዳቦ። መብላቱ ችግር አልነበረም፤ ልጁ ስለራሱ መናገር አለመቻሉ ነበር ያሰረው። አንድ ቀን እንግዶች መጥተው ሽማግሌው ስለ ሆዳምነትና ስለ ተሰወረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ልጁ ልቡ ተነካ። ማልቀስ ጀመረ፤ ከልብሱ ውስጥ ዳቦውን አውጥቶ መሬት ላይ አኖረውና በየቀኑ ያደርግ የነበረውን ሁሉ ተናገረ። ሽማግሌው አልቆጡትም፤ መናገርህ ነጻ አውጥቶሃል አሉት። ካስያን እንደሚለው ልማዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወው።

የበረሃ መነኮሳት ለአባታቸው የሚናገሩት የሠሩትን ኃጢአት ብቻ አልነበረም፤ ገና ያልሠሩትን፣ በልብ የተነሳውን ሐሳብ ጭምር ነበር። እኛ ዘንድ ንስሐ ከወደቁ በኋላ የሚደረግ ሆኗል። ቢሮ ያለው ሰውዬ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ደውሎ ‹‹አባ፣ ሐሳቡ መጥቶብኛል›› ቢል፣ ‹‹አይዞህ ልጄ፣ የት ነህ አሁን? ምሳ በልተሃል?›› የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ ሰዓቱ ሌላ ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለ አባት እንዲገኝ ግን አባቶቹ ራሳቸው ስለ ሱስ ማወቅ አለባቸው። ካስያን ይህንንም አይቷል። አንድ ወጣት መነኩሴ የዝሙት ሐሳቡን ለአንድ ሽማግሌ ቢናገር ሽማግሌው ‹‹መነኩሴ ለመባል አትገባም›› በሚል ዓይነት ቃል አዋረደው። ወጣቱ ተስፋ ቆርጦ ዓለም ሊመለስ ሲሄድ መንገድ ላይ አባ አጶሎስ አገኘው፤ ‹‹እኔም በዚህ ዕድሜዬ ይህ ሐሳብ ይመጣብኛል›› ብሎ አጽናናው። ከዚያ ያ ፈተና ወደ ጨካኙ ሽማግሌ እንዲመለስ ጸለየ፤ ሽማግሌው እንደ እብድ ከበዓቱ ወጥቶ ሲሮጥ ተያዘ። በየደብሩ ስለ ሱስ ሰምቶ ከሚቆጣ አባት ይልቅ እንደ አጶሎስ ያለ አንድ አባት ብዙ ቤት ያተርፋል።

ስለ መውደቅም አንድ ነገር ልበል። ማርላት እንደታዘበው፣ ለመታቀብ የቆረጠ ሰው አንዴ ሲስት ‹‹እንግዲህ ፈርሷል›› ብሎ ከበፊቱ አብልጦ ይገባበታል። በስለት የታሰረ አማኝ ላይ ይህ እጥፍ ይሆናል፤ የፈረሰው ልማድ ብቻ አይመስለውም፣ ለእመቤታችን የገባው ቃል ነውና። አንዲት ሲጋራ ወደ ፓኬት፣ አንድ ብርጭቆ ወደ ሳምንት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የበረሃውን አባት አባ ሲሶይን አንድ መነኩሴ ‹‹ወደቅሁ›› ቢለው ‹‹ተነሥ›› አለው። ‹‹ተነሥቼ ደግሞ ወደቅሁ›› ቢለው አሁንም እንዲነሣ ነገረው። ስለት የሚሳል ሰው ካህኑን ‹‹ብስትስ ምን ላድርግ?›› ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ሐኪም የሚያስፈልግበትን ቦታ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጥል መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ይህ የሃይማኖት ጉድለት አይደለም፤ አንጎሉ መጠጡን ለምዶ ስለኖረ የሚሆን ነው። ጠበል ለመጠመቅ የሄደ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ የሌለ ነገር ሲያይ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። አእምሮውን የሚታከም ሰው ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን እንዲተው የሚነግረው ካለ እጅግ ይጎዳዋል። ጫትም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ሲደርቅ ኃይሉን ስለሚያጣ ነው ከአወዳይ በሩጫ የሚጓጓዘው። ተጠቃሚው ሲያቆም ለቀናት ይተኛል፣ ይከፋዋል፣ ዱካክ ያስቸግረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ለዚህ የሚሆን አገልግሎት አላቸው። አስተውሎትም፣ መቁጠሪያም፣ ሐኪምም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ብዙዎች በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን መጠጥና ጫት ትተው ይከርማሉ። ለሁለት ወር ገደማ የቻሉት ነገር የፋሲካ ዕለት ከሰዓት ባንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ዶሮው ይቀርባል፣ ጠጁ ይቀዳል፣ ጓደኛ ይደውላል። ስለዚህ ነፍስ አባትና ልጅ ከሆሳዕና በፊት አንድ ቀን ተቀምጠው ስለዚያች ከሰዓት ቢነጋገሩ መልካም ነው። ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ጠጁ ሲቀርብለት ምን እንደሚል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሐራራው ሲመጣ የት ሄዶ እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚደውል አሁኑኑ፣ በስምና በስልክ ቁጥር፣ ይወስኑት።